አራት ክር በሽሮ ድስት

ለመላው የሙዚቃ ወዳጅ ይታወቅ ዘንድ፦ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አራት የቤዝ ጊታር ክሮች በሽሮ ድስት ውስጥ ተቀቅለዋል።

ይፈላል ድስቱ… ይጠማዘዛሉ ክሮቹ… ይወጣል ከብረቱ የጣት ላብ፣ የመድረክ አቧራ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ሰርግ…

አዲስ ክር ከከተማው ጠፍቷል። ቤዝ የሚጫወት ሰው ግን ያውቃል፤ የደነዘዘ ክር ሲቀቀል ድምፁ ይመለሳል። ለአንድ ሳምንት።

"ሳምንት ይበቃናል" አለ ቤዝ ተጫዋቻችን ልዑልሰገድ።

በሳምንት ቀረጽነው። ሰባት ዜማ፣ ያለ ዘፋኝ፤ የአንቺሆዬ ቅኝት ጃዝን አግብቶ፣ ፈንክ ሚዜ ሆኖ። እኔ ድራም ላይ፣ ሌሎቹ ኪቦርድና ሳክስፎን ላይ። ከፊት ግን ልዑልሰገድ… ሃያ ሁለት ዓመት ከዘፋኝ ጀርባ የቆመው። አልበሙ የሱ። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም፣ ብቻውን።

ዘፋኙስ የታለ? አለ የስቱዲዮው ዘበኛ።

ዘፋኙስ የታለ? አሉ አማቱ። "ወይስ አሞት ቀረ?"

ዘፋኙስ የታለ? አለ ሬዲዮ ጣቢያ ያለው ወዳጃችን። "ግድ የለም፣ ለማስታወቂያ መሸጋገሪያ ይሆነናል።"

ሳቀ ልዑልሰገድ። ያኔ ይስቅ ነበር።

በግንቦት አሳታሚው ጠራን፤ አቶ ምህረተአብ። አዲሱ ሶፋ ላይ አስቀመጠንና አልበማችንን ከፈተው።

የማናውቀው አንድ ጎረምሳ በላዩ ላይ፣ ከመጀመሪያው ዜማ እስከ ሰባተኛው "ሆዴ፣ ሆዴ" ይላል። ድራሜ አለ። ሳክሱ አለ። ቤዙን… በግራ ስፒከር ፈለግኩት፣ በቀኝ ፈለግኩት፤ ሶፋው ሥር ማየት ነበር የቀረኝ።

"ልዑሌ፣ ቤዝ በሞባይል አይሰማም እኮ" አለ አቶ ምህረተአብ። "ዝቅ አደረግኩት። ደግሞ ሽፋኑ ላይ አለህ… ከዘፋኙ ጀርባ።"

ከጀርባ።

ሦስተኛው ዜማ ደረሰ፤ ለሟች ወንድሙ የሠራው። ሲቀርጸው አጠገቡ ነበርኩ፤ እንባው ጊታሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እሱም ላይ… ሆዴ፣ ሆዴ።

 ልዑልሰገድ ተነሳና ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቀለው። የቀረጽነው ሁሉ እዚያ ነው፤ አሳታሚው ዘፋኝ ጨምሮ ያቀናበረው ሚክስም እዚያው ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም።

"ምን ማለት ነው ይሄ ሰውዬ!" ይላል ከኋላችን አቶ ምህረተአብ።

ታክሲ ውስጥ ዲስኩን እንደ ሕፃን ታቀፈው። እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ለአሳታሚው የምለውን ስድብ እያማረጥኩ። ቤቱ ስንገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ምድጃውን ለኮሰ።

ይፈላል ድስቱ… ያው የሽሮ ድስት… ክር ግን የለበትም። የዲስኩ ጥቁር ሳጥን ይንከባለላል ውስጡ። ሰባት ዜማ፣ የወንድሙ ለቅሶ፣ ሆዴ ሆዴም…

ክር ሲቀቀል ድምፁ ይመለሳል። ይሄስ?

"የኔም ድራም እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው!" አልኩት። "አልጠየቅከኝም። ቢያንስ ለምን እንደሆነ ንገረኝ።"

ክዳኑን ገጠመው።

"አልነግርህም።"