ሞተሩ ከኋላ፣ እኔ ከፊት

ባሌ አናጢ ነው። ሐይቅ ላይ የሚወጣባትን ጀልባ የሠራት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ በበሩ አልወጣ አለች፤ አጥር አፍርሰን አወጣናት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲስቅብን ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው «ካፒቴን» ይለዋል፤ እሱም አይቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሸራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በስፌት መኪናዬ፣ ስንት መርፌ ሰብሬ። ጀልባዋ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ውሃ ከባልዲ ካለፈ ያስፈራኛል።

አምና ልቡን ታመመብኝ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መቅዘፍ የለም» አለው። ንፋስ ሲያቆም ደግሞ ሸራ ተራ ጨርቅ ነው፤ ሐይቁ መሐል የቀረ ሰው ካልቀዘፈ አይመለስም። ስለዚህ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ቀረች፣ ባሌም ቤት ተቀመጠ። ተቀመጠ ስላችሁ አርፎ መሰላችሁ? ድስቴን ይከፍታል፣ ይከድናል፣ የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፣ ሲመሽ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሰውዬው ዓይኔ እያየ ከሳብኝ። ሐይቁን ከተወ ይሞትብኛል፤ እየቀዘፈ ከሄደም ይሞትብኛል። የቱን ልምረጥ?

ወንድሜን ጠራሁት። መካኒክ ነው። ያገለገለ የጀልባ ሞተር ታቅፎ ከች አለ፣ በቁልፍ የሚነሳ።

«እኔ ጀልባዬ ላይ ወፍጮ አልሰቅልም!» አለ ባሌ።

«ትሰቅላለህ!» አልኩት። «እምቢ ካልክ ያንን ሸራ ቀድጄ መጋረጃ ነው የማደርገው!»

«ኧረ እትዬ፣ ቀስ» አለ ወንድሜ።

«አንተ ደግሞ ዝም በልና ብሎንህን ፈልግ!»

ባሌ ሞተሩን ዞረው፣ ዞረውና ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። እሱ ሜትር ካወጣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ችግሩ የጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ነበር። ለሞተር ስላልታሰበ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ሞተሩን ቢሰቅሉት ፕሮፔለሩ ውሃውን በወጉ ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንድሜ ጀልባዋን ወደ ዳር ሳባት፣ ባሌ ደግሞ ሳንቃውን በመጋዝ ዝቅ አድርጎ ቆረጠው። ሲቆርጥ ፊቱን ብታዩት የገዛ ልጁን ጥርስ የሚነቅል ይመስል ነበር። ሞተሩ እንዳይነቀንቀው ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ጣውላ ለበጠበት፤ ወንድሜ ሞተሩን በብሎን ካጠበቀ በኋላ ምናልባት ቢፈታ እንዳይሰምጥ በሰንሰለት አሰረው። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ዋሉ።

«ጋሼ፣ በቃ ጠብቋል!»

«አልጠበቀም! አንተ የምታውቀው ብረት ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል።»

ባሌ እንዲህ ሲቆጣ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ደስ አለኝ። ቆጣ ቆጣ ሲል ነው እሱ እሱን የሚመስለው።

ከዚያ ጀልባዋን ወደ ውሃው መልሰው ገፏት፤ ባሌ ከኋላ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀሰረች። ከኋላ ሞተር፣ ባትሪ፣ ነዳጅና ባሌ፤ ከፊት ባዶ። በተቆረጠው ሳንቃ በኩል ውሃው ዘለቀ። ቶሎ አጠፋው።

«ከፊት ክብደት ያስፈልጋታል» አለና ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜም ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«እንግዲህ እትዬ…» ወንድሜ ሳቁን ዋጠ።

«ወፈርሽ፣ ወፈርሽ ስትሉኝ ኖራችሁ ዛሬ ተፈለግሁ?»

«እኔ መች ብዬሽ አውቃለሁ?» አለ ባሌ። እውነቱን ነው፤ እሱ ብሎኝ አያውቅም።

እጁን ዘረጋልኝ። እምቢ ልል ነበር። ግን እምቢ ብዬው ተመልሶ ግድግዳ ቢያይ የማን ጥፋት ነው? ጫማዬን አውልቄ፣ «ጌታዬ፣ አደራህን» እያልኩ ገባሁ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ቀጥ አለች። ወንድሜ ዳር ቀርቶ ገፋን።

ውሃውን እንዳላይ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ ተቀመጥኩ። «ቀስ በል! ኧረ በፈጠረህ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ የሰማኝ የለም። እሱ የሞተሩን እጀታ ይዞ ራቅ አድርጎ ያያል። ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው።

«ምነው? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

ጸጥታው አእምሮዬን መለሰልኝ መሰለኝ፣ «ስማ» አልኩት፣ «ክብደት ከሆነ የሚያስፈልገው ድንጋይ አይበቃም ነበር? ዳሩ ሁሉ ድንጋይ አይደል እንዴ?»

«ይበቃል» አለ።

«ታዲያ እኔን በፍርሃት ምን አስጨረሰህ፣ አንተ ሰውዬ!»

እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣ።

«እስከ ዛሬ ያልወጣሁት ሞተር ስለሌለ አይደለም» አለ። «ብቻዬን መውጣት ፈርቼ ነው። እዚህ መሐል ልቤ ቀጥ ብትልብኝ፣ ማንን እጣራለሁ ብዬ። ላንቺ መንገር አፈርኩ።»

ስንት ወር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ያንኑ አንድ ነገር ለየብቻችን ስንፈራ!

«ሞኝ!» አልኩት። «እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽህን ሳዳምጥ ነው የማድረው።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም አልተኛሁም ነበር።»

ተነሥቼ ላቅፈው ፈለግሁ። ግን ወደ ኋላ ከሄድኩ ውሃ ይገባል። ስለዚህ እኔ ከፊት እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፣ እሱም ከኋላ እንደተቀመጠ አለቀሰ።