ብልሽት፦ የለም

በለጠች ሀብተ ማርያም የትምህርት ቤቱን ንብረት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ስትይዝ አንድ መጥረጊያ እንኳ ጠፍቶባት አያውቅም። ዘዴዋ ቀላል ነው፤ አትሰጥም። ጠመኔ ፈልጎ የመጣ አስተማሪ የፊተኛውን ቁራጭ ይዞ መምጣት አለበት። አሁን ግን ዓርብ ጡረታ ትወጣለች፣ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ጡረታ የለም። ክሊራንስ የሚገኘው የፈረመችበት ዕቃ ሁሉ ለተተኪዋ ተቆጥሮ ሲተላለፍ ነው።

ከዕቃው ሁሉ እንቅልፍ የሚነሷት ሠላሳዎቹ ታብሌቶች ነበሩ። አምና ሲመጡ ርዕሰ መምህሩ ዕቅዱ ላይ «ለመማር ማስተማሩ ሥራ ይውላሉ» ብሎ ጻፈ። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ክፍል የሚለውን ዕቅዱ አላነሳም፤ በለጠችም አላነሳችም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነካርቶናቸው ቆለፈችባቸው። በዓመቱ ሪፖርት «ብልሽት፦ የለም» ተባለና ትምህርት ቤቱ ተመሰገነ።

የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪዋ ሀምዲያ ስድስት ጊዜ ለምናታለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው።

«አቦ በለጡ፣ ዓሥር እንኳ ስጪኝ። ልጆቹ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናቸው።»

«ቢሰበርስ?»

«ቢሰበር ይሰበራላ፤ ዕቃ አይደል?»

«አየሽ፣ ለዚህ ነው የማልሰጥሽ።»

ረቡዕ ዕለት ተተኪዋ ጉሌድ ሊረከብ መጣ። ከዋሂል፣ ከገጠሩ ትምህርት ቤት የተዛወረ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። በለጠች ገና ስታየው ወደደችው። ካርቶኑን ቆጠረ፤ ሠላሳ፣ ልክ ነው። ከዚያ አንዱን አውጥቶ ማብሪያውን ተጫነ። አልበራም። ሠላሳውንም አንድ በአንድ ሞከረ።

«እትዬ በለጠች፣ እኔ የሞተ ዕቃ አልረከብም።»

«አንድም ቀን አልተነኩም እኮ።»

«ያስታውቃል» አለ ጉሌድ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐሙስ ጠዋት በለጠች «አብሩልኝ» ልትል ታብሌቶቹን አስይዛ ሀምዲያ ክፍል በር ላይ ቆመች። ወንበር ልትቆጥር ካልሆነ ክፍል ገብታ አታውቅም። ሀምዲያ ብትስቅባት ይገባት ነበር። አልሳቀችም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት።

«ዓመት ሙሉ ቻርጅ ሳይደረጉ፣ በዚህ ሙቀት» አለች ሀምዲያ። «ልጆቹ ይሞክሯቸው። የበራ ግን ዛሬን ይማሩበታል።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ።»

በየሶኬቱ ሰኳቸው። ረፋዱ ላይ ሃያ ሰባቱ በሩ፣ ሦስቱ እንደሞቱ ቀሩ። በለጠች ወንበሯን በሩ ላይ አድርጋ ጥበቃ ተቀመጠች። ፊት ከተቀመጡት አንዷ ካውሰር ትባላለች፤ ታብሌቷ ላይ የሚመታ የሰው ልብ ምስል ከፍታ ደሙን በጣቷ እየተከተለች ነበር። የበለጠችን አንገት መንጠራራት አየች።

«እትዬ፣ ልታይው?»

በለጠች ዓሥር ዓመት የደም ግፊት ክኒን ስትውጥ ልብ ምን እንደሚመስል ያሳያት የለም። አላይም አላለችም። ካውሰር ይዛላት ስትነሳ የቻርጀሩ ገመድ እግሯን ያዛት፣ ታብሌቱም ሲሚንቶው ላይ በፊቱ ወደቀ።

ካውሰር እንባዋ መጣ። በለጠች ጎንበስ ብላ አነሳችው። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ክሊራንሷ እጇ ላይ እንደተሰበረ ገባት። ከስንጥቁ ሥር ግን ልቡ አሁንም ይመታል።

«ከዚህ ቀጥሎ ደሙ ወዴት ይሄዳል?» አለች።

ካውሰር አፍንጫዋን ጠርጋ አሳየቻት።

ዓርብ ጉሌድ ቅጹን ዘረጋ። «ለአራቱ የብልሽት ምክንያት?»

«ሦስቱ ቆልፌባቸው። አንዱ ልጅቷ እኔን ስታስተምረኝ።»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።»

«አንተ ጻፈው፤ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ጻፈው። ኮሚቴ እስኪያየው ጡረታዋ ሦስት ሳምንት ዘገየ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በለጠች ማታ ቻርጅ ሰክታ ትሄዳለች፣ ጠዋት ሃያ ሰባቱንም ክፍል ታደርሳለች። በእርግጥ እያስፈረመች። የተሰነጠቀውን ለካውሰር ነው የምትሰጠው።