የተንግስተኗ ፍሬ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በብየዳ ቤቱ የነበሩት በያጁ፣ የሚስቱ ወንድምና የብየዳ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሾፌር እዚሁ የተሠራውን አዲስ የእንፋሎት ቦይለር ሊጭን መጥቶ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል።

በያጁ የቦይለሩን የቀረ እግር ሊበይድ የብየዳ ቶርቹን ከመስቀያው ሲያወርድ እጁ ቆመ። ጠዋት ራሱ እንደ መርፌ ያሾለው የቶርቹ ተንግስተን ዘንግ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ክብ ሆኗል።

ተራው ኤሌክትሮድ ገመዱ የማሽኑ ፖዘቲቭ ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ተንግስተን ግን ኔጌቲቭ ላይ ካልሆነ አይሆንም፤ ያኔ እሳቱ አብዛኛውን ሙቀት ለብረቱ ይሰጣል፣ ጫፉም ሹል እንደሆነ ይቆያል። ገመዱ ከተገላበጠ ሙቀቱ ወደ ተንግስተኑ ዞሮ ጫፉን አቅልጦ ይጥለዋል።

በያጁ የመሞረጃ ዲስክ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት የሚስቱ ወንድም በዚሁ ማሽን የጎረቤት በር በተራው ኤሌክትሮድ በይዶ ነበር። ቀጥሎም የቦይለሩን የመጨረሻ ስፌት በተንግስተኑ ጨረሰ።

በያጁ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቀው። "ገመዱን ሳትመልስ ነው የጀመርከው?"

"ወዲያው አይቼ መለስኩት፣ ጋሼ።"

"ጫፉስ?"

የሚስቱ ወንድም ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። "ትንሽዬ ፍሬ ናት ስፌቱ ውስጥ የወደቀችው። በላይዋ በየድኩባት፣ አሁን አትታይም። እትዬ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳሉኝ ሰምተሃል።"

ሰምቷል። አንድ ጥፋት ቢደግም እንደሚያሰናብቱት ነግረውታል። ዝም ቢል ቤቱ በሰላም ያድራል። ቢናገር ሚስቱ ወንድሜን ከእንጀራው አስነሣኸው ትለዋለች።

እትዬ ብድግ አሉ። "ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምታፈጥባት? እግሯን በይደህ አስጭናት እንጂ።" ቦይለሯ በውሃ ግፊት ተፈትና ጠብ እንኳ እንዳላለች ነገሩት።

እውነታቸውን ነው። በያጁ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለስላሳ ነው። ፍሬዋ ግን ከብረቱ ጋር አትዋሃድም። ቦይለሩ በእንፋሎት ሲወጠርና ሲረግብ ከርሞ አንድ ቀን ስንጥቁ ከእሷ ይጀምራል።

"እህትህ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የምትተኩስበት ጠረጴዛ የት ነው?" አለው።

ቦይለሩ የሚተከለው ከጠረጴዛዋ ጀርባ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሾፌሩ ደግሞ ክላክስ አደረገ።

በያጁ ከገዛቸው ዲስኮች አንዱን ብረት የሚሞርደው ግራይንደር ላይ አሰረ። እትዬ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ግን ግራይንደሩን ለሚስቱ ወንድም ዘረጋለት።

"ቦታውን የምታውቀው አንተ ነህ።"

የሚስቱ ወንድም እትዬን አየ፣ ስፌቱን አየ። ከዚያ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና በርከክ ብሎ፣ ስፌቱ ወደ ታች ከሚታጠፍበት ላይ ትንሽ ክብ አሰመረ። ግራይንደሩን ተቀበለ።

ሾፌሩ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።