ያልተቆጠረው ጠጅ

ጤናዬ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክካ ጠጁን በነጭ ጨርቅ እያጠለለች ነው። የመጀመሪያውን ባልዲ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር በኩባያ ጨለፍ አድርጋ ቀመሰች። ጥቂት ቆይታ ደገመች፤ ምሬቱ ከጌሾው መብዛት ይሁን ከማሩ ማነስ መለየት ነበረባት። ሦስተኛው ኩባያ ለምን እንደተቀዳ ግን ጠያቂ ቢመጣ መልስ አልነበራትም። ደግነቱ ጠጅ የምትጥልን ሴት ለምን ቀመስሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። የሚካኤል ማኅበር የዚህ ወር ተረኛ እሷ ናት፤ ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ከአውሮራም ከሌላውም የዴንቨር ሰፈር ሞንትቤሎ ወዳለው ቤቷ ይመጣሉ። ሌላዋ ተረኛ በምግቡ ትመሰገናለች፤ የጤናዬ ቤት ሲሆን ግን ሰው የሚመጣው ለጠጇ ነው። ሰርግ ያለው፣ ክርስትና ያለው፣ ልጁን የሚያስመርቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ዴንቨር ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ ስታነጥፍ በስሟ የሚጠራት የለም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን «የጤናዬ ጠጅ» ይባላል። ይህን ትወደዋለች፤ ማን ይጠላል?

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። አፑ ነው፤ ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው ይላል። ደህና የሚለውን ነካችና መልሳ ከተተችው።

አፑን የሰጠቻት ሐኪሟ ናት። ጤናዬ እንቅልፍ አጣሁ ብላ ሄዳ ነበር፤ ሐኪሟ ጥያቄዋን ወደ መጠጥ ስታዞረው አልፎ አልፎ እጠጣለሁ ብላ መለሰች። አልፎ አልፎ ማለት በየማታው ሁለት ሦስት ብርጭቆ ወይን ነበር። ሐኪሟ ሳትከራከር ስልኳን ተቀብላ፣ መጠጥ ለመቀነስ ለሚፈልጉ ሴቶች የተሠራ አፕ ጫነችላት። በየቀኑ ምን ያህል እንደጠጣች ይጠይቃታል፤ ካልጠጣች ቀኗን አረንጓዴ ያደርግላታል። አምሮቱ ሲመጣባት ደግሞ በለስላሳ የሴት ድምፅ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ያደርጋታል። መጀመሪያ ሳቀችበት። እያደር ግን ጠዋት ጠዋት ስሜቷን የሚጠይቃት እሱ ብቻ መሆኑን አስተዋለችና ወደደችው።

ሐኪም ቤት የወሰዳት እንቅልፍ ብቻ አልነበረም። በመስከረም አንድ ቀን ልጇን ሶልያናን ከቮሊቦል ልምምድ ልትወስድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ የመኪናውን በር ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ ዘጋችው። አባቷ ውድነህ ታክሲውን ይዞ ከኤርፖርት እስኪመጣ ድረስ አጥሩን ተደግፋ ጠበቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ በምትነዳው መኪና ገብታ አታውቅም። ጤናዬ ይህን ለማንም አልተናገረችም። የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ያንን በር ከፍታ ሳትፈራ አጠገቧ እንድትቀመጥ። ለዚህ ብላ የወይኑን ካርቶን አውጥታ ጣለች፤ ወሩን ሙሉም አልተመለሰችበትም።

ሶልያና ቦርሳዋን አንግታ በጋራዡ በር ብቅ አለች።

«ጨዋታሽ የት ነው?» አለቻት እናቷ።

«ሊትልተን።»

«እኔ ላድርስሽ። እንግዶቹ ሳይመጡ እመለሳለሁ።»

«ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ። ሶሲ ራይድ ትሰጠኛለች።» ሶሲ አብራት የምትጫወት፣ መኪና መንዳት የጀመረች ጓደኛዋ ናት።

ጤናዬ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ስልኳን አወጣች። ይህን ቀን ስትጠብቀው ነበር። የወሩን ሰሌዳ ከፍታ፣ አንደኛ እንደወጣ ተማሪ ካርድ ዘረጋችላት።

«እይው እስቲ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልጠጣሁም።»

ሶልያና ስልኩን አየች። ቀጥላ ባልዲው አጠገብ የተቀመጠውን ኩባያ አየች።

«ጠጁስ የታለ?»

«የምን ጠጅ?»

«የምትጠጪው። አፑ ላይ የታለ?»

«ጠጅ ምን መጠጥ ነው፣ የኔ ልጅ? የቤት ነው፤ ማርና ጌሾ። ደግሞ እቀምሰዋለሁ እንጂ አልጠጣውም።»

«ማሚ፣ ኢትስ አልኮል። ከወይኑ በምንም አይለይም።» ልጅቷ አልጮኸችም፤ እንባዋ ግን ቀርቦ ነበር። «ማታ ማታ ጋራዥ ስትገቢ እሰማሻለሁ። ስልክሽን እየዋሸሽው ነው።»

ውጭ የሶሲ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሶልያና ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች።

ጤናዬ መጀመሪያ ተናደደች። የወለዱት ልጅ ተቆጣጣሪ ሲሆን ለማን አቤት ይባላል? ለስንዱ ደወለች። ስንዱ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አውሮራ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ሰው ማጽናናት ታውቅበታለች። ነገሩን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች።

«ጠጅ ከመቼ ወዲህ ነው መጠጥ የሆነው? እናቶቻችን ሲጥሉ ኖረው ማን ሰካራም አላቸው? አንቺ እኮ የምትቀምሺው ለሥራው ብለሽ ነው።»

እነዚህ የጤናዬ የራሷ ቃላት ነበሩ። ከራሷ አፍ ሲወጡ እውነት ይመስሉ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማቸው ግን ውሃ እንደማያነሱ ገባት። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠለል ጠጅ አልነበረም። ሆኖም ማታ ማታ፣ ልብስ ልጠብ እያለች፣ ዕቃ ላስተካክል እያለች ጋራዥ ወርዳለች። ወይኑን ከወጥ ቤት አስወጥታ ጠጁ ዘንድ ሄደች እንጂ ምንም አልተወችም። አፈረች። ስልኩን ዘጋች።

ባልዲው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ አፑን ከፈተች። ቢራ፣ ወይን፣ ውስኪ ይላል፤ ጠጅ የሚል የለም። እስከ ዛሬ ይህ ተመችቷት ነበር። ከታች ሌላ የሚለውን ነካች። ከዛሬ ጀምራ ወደ ኋላ ሄደች፤ የምታስታውሰውን ሁሉ ሞላች፣ ያላስታወሰችውን አብዝታ ገመተች። አረንጓዴው ሰሌዳ ቀን በቀን ቀላ። አፑ አልተቆጣትም። ለመጠጣት ምን ይገፋፋሻል ብሎ ምክንያት ደረደረላት፤ ሐዘን፣ ድካም፣ ብቸኝነት። ብዙ አሰበችና ባዶው ቦታ ላይ በአማርኛ «ስለሚያመሰግኑኝ» ብላ ጻፈች። ስልኩ አማርኛ ይወቅ አይወቅ ግድ አልሰጣትም። ከዚያ ተነስታ ማጥለሉን ጨረሰች፤ እንግዳ የጠራች ሴት ናት። ኩባያውን ግን አጥባ ወደ ቤት አስገባችው።

ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ሞላ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። ከዚህ በኋላ ያለው የተረኛዋ ሥራ ነው። በማኅበሩ ወግ የቤቱ ባለቤት ከጠጁ ጥቂት በመዳፏ ላይ አንጠባጥባ ትቀምሳለች፤ ያልቀመሰችውን ለእንግዳ አትሰጥም። የጠጁ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ጤናዬ አማራት፤ ምራቋን እስክትውጥ ድረስ አማራት። በመዳፍ የምትቀመስ ጠብታ ማንን ትገድላለች? ግን አንዴ ከቀመሰች ስታስተናግድ እንደምትውል፣ ስታስተናግድም እንደምትጎነጭ ራሷን ታውቃለች። አፑ እንዳስተማራት በቀስታ ተነፈሰችና ማንቆርቆሪያውን ለስንዱ ሰጠቻት።

«ቅጂልኝ። እኔ አልቀምስም።»

ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ትልቋ እማማ እንቁ ናቸው፤ ወግ ሲጣስ ዝም አይሉም። ቀና ብለው አዩዋት።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

ስንዱ ፈጠን ብላ መድኃኒት ጀምራ ነው አለች። ጥሩ ውሸት ነበር። ሴቶቹ ምሕረቱን ያምጣልሽ ማለት ጀምረው ነበር፤ ጤናዬ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«መድኃኒት አይደለም፣ እማማ» አለች። «መጠጥ ልተው እየታገልኩ ነው። ጠጁንም ጭምር። ማታ ማታ ተደብቄ ስጠጣ ነው የከረምኩት፤ እርስዎን ደግሞ መዋሸት አልፈልግም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ያወጣው መጠጡን እምቢ ማለቷ ነው። አንዷ ሴት ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሌላዋ ምንጣፉን ታየው ጀመር። ጤናዬ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ቢሆንም አንገቷን አልደፋችም፤ የተናገረችውንም ልታለሳልሰው አልሞከረችም።

እማማ እንቁ መዳፋቸውን ለስንዱ ዘረጉላት።

«ቅጂው እንግዲህ። ዛሬ እኔ እቀምሳለሁ።» ቀምሰው ከንፈራቸውን ጠራረጉና ወደ ጤናዬ ዞሩ። «ጠጁ ደህና ነው። አንቺ ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ።»

ወሬው ቀስ እያለ ተመለሰ። ከሴቶቹ አንዷ ለልጇ ክርስትና ጠጅ እንድትጥልላት ልትለምናት አስባ እንደነበር በጆሮዋ ነገረቻት። ጤናዬ አጣጣሉን ላሳይሽ እችላለሁ፣ እኔ ግን ከእንግዲህ አልጥልም ብላ መለሰችላት። ጠጅ የማትጥለው ጤናዬ ማን እንደሆነች ገና አላወቀችም፤ ቅዳሜ ሲመጣ ማን እንደሚደውልላትም አላወቀችም።

የመጨረሻዎቹን እንግዶች ስትሸኝ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ሶልያና ናት። ማሸነፋቸውን ጽፋለች፤ ስለ ጠዋቱ ሶሪ ብላለች፤ ሶሲ ከቤተሰቧ ጋር ሌላ ቦታ መሄዷን ነግራ ከታች አንድ ጥያቄ ጨምራለች፤ ማሚ፣ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ?

ጤናዬ ደጋግማ አነበበችው። ከመስከረም ጀምሮ የጠበቀችው ጥያቄ ነው። ደስታው አቻኮላት፤ ቁልፉን አንስታ፣ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ጋ ደረሰች። ራሷን አያዞራትም፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። የጠዋቱ ጠጅ ምሳ ተበልቶበታል፣ ውሃ ተጠጥቶበታል፤ ምናልባት ወጥቶላታል። ሶልያና ብታሸት እንኳ ምንም ላይሸታት ይችላል። የሚያውቅባት የለም። ምናልባት፣ ይችላል፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ይዛ ነው ልጇን ከሊትልተን እስከዚህ ልታመጣ የምትነሳው? በሩን እንደያዘች ቆመች።

ውድነህ ከሥራ መሐል ሊበላ ገብቶ ወጥ ቤት ቆሞ ይጎርስ ነበር።

«ሶልያናን አንተ አምጣት» አለችው።

«ቁልፍ ይዘሽ የለም እንዴ? ምነው?»

«ጠዋት ጠጥቻለሁ።»

ውድነህ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ሳህኑን አስቀምጦ እጁን ታጠበ።

ጤናዬ ለልጇ ጻፈች፦ «የኔ ልጅ፣ ጠዋት ጠጅ ጠጥቻለሁ፤ ዛሬ አልነዳም። አባትሽ ይነዳል፤ እኔም አብሬው እመጣለሁ።» ላከችው። መልሱን ለማየት አልጠበቀችም፤ ቁልፉን ለውድነህ ሰጥታ በተሳፋሪው በኩል ገባችና ቀበቶዋን አሰረች።