ማስክ ውስጥ የቀሩ ስሞች

...ደግሞ ሌላ ሰው፣ ደግሞ ያው ማጉረምረም፣ ከሰማያዊ ማስክ በላይ ሁለት ዓይን፣ ማን አሉኝ፣ እባክዎ ጮክ ይበሉ፣ ትላለች አስካለ፣ ሰውዬው ይደግምላታል፣ በመስኮቱ ቀዳዳ አልፎ የሚደርሳት ግን ስም ሳይሆን የስም ገለባ ነው፣ መታወቂያ ይዘዋል ወይ፣ ይዟል፣ እሰይ፣ ዳንኤል። ዳንኤልን ከመደርደሪያው ታወጣለች፣ ካርዱን ትሰጠዋለች፣ ቀጥሎ።

መሃል ከተማ ካለው ከዚህ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስትቀመጥ አስራ አንድ ዓመት ሆናት፣ ስም ትሰማለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ ሥራዋ ይሄ ነው፣ ስም መስማት። ማስኩን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አላወለቀችም፣ ላስቲኩ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋን ልጦታል፣ ሰሞኑን ከጸጉር ማስያዣዋ ጋር በክር ታስረዋለች፣ ትንሽ ያግዛል፣ በተነፈሰች ቁጥር መነጽሯ ጉም ይለብሳል፣ ቁርስ ላይ የበላችው ሽንኩርት ለራሷ መልሶ ይሸታታል፣ እንዲህ ነው እንዴ አፌ፣ ሰው ስንት ዘመን ችሎኝ ኖሯል። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ገና ነው። ቀጥሎ።

ሁለት ወር ሙሉ በማስኩ ስታመካኝ ከረመች፣ ይሄ ጨርቅ ድምጽ ይውጣል፣ ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ያወራል፣ እያለች፣ መርፌ ክፍል የምትሠራው ሲስተር ሩሀማም እውነትሽን ነው ያስቸግራል ትላታለች፣ ግን ሩሀማ ትሰማለች፣ ዘበኛውም ይሰማል፣ ባለፈው እሁድ ቤቷ ውስጥ ማስክ የሚባል ነገር በሌለበት ልጇ ሊዲያ ጀርባዋን ሰጥታት ሰሃን ታጥባለች፣ ሁለት እርምጃ ብትርቃት ነው፣ እያወራች እንደሆነ አስካለ ያወቀችው ከትከሻዋ እንቅስቃሴ ነው፣ ሊዲያ ዞር አለች፣ እማ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ እኮ፣ ይሄኛው ጥርት ብሎ ተሰማት። ፊቷን ስታይ ተሰማት። እስቲ መልሰሽ ዙሪና የሆነ ነገር በይ፣ ምን ልበል እማ፣ ምንም ይሁን ዝም ብለሽ በይ፣ ልጅቱ እየሳቀች ዞረች፣ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ የቧንቧው ውሃ ብቻ ሿ ሿ አለ።

ለካ በዓይኔ ነበር የምሰማው።

ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ያውቃል፣ ከንፈር ማንበብ ማንም አላስተማራትም፣ ሳታውቀው ቀስ በቀስ ነው የገባችበት፣ ዓለም አፉን ባይሸፍን ኖሮ ጡረታ እስክትወጣ ላታውቀው ትችል ነበር። እናቷ ትዝ ትላታለች፣ በመጨረሻ ዓመታቷ ሰው መሃል ቁጭ ብላ በሁሉም ነገር ፈገግ የምትል፣ ምን አሉ ብላ ስትጠይቅ ተይው እቴቴ ምንም አይደል የምትባል፣ አስካለ ራሷ ስንት ጊዜ ብላታለች፣ ተይው ምንም አይደል፣ ለመድገም ሰንፋ። አሁን ተራው የሷ ሊሆን ነው፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ ፈገግ ማለት።

ይሄ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ትናንት ነው ጉዱ።

ትናንት ረፋዱ ላይ አንድ ሰው መጣ፣ ስሙን ተናገረ፣ እሷም በላይ ግዛው ብላ ሰማች፣ ካርዱን አወጣች፣ ሰውዬው ከካርዱ ጋር ዶክተሩ ዘንድ ገባ፣ ጉሮሮው ቆስሏልና ፔኒሲሊን ታዘዘለት፣ መርፌ ክፍል ሄደ፣ ሩሀማ መርፌውን አዘጋጅታ ከመውጋቷ በፊት እንደ ልማዷ ጠየቀችው፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ፣ እሱም ኧረ ካርዴ ላይ በቀይ ተጽፏል እኮ፣ ፔኒሲሊን አንዴ ሊገድለኝ ነበር፣ አላት። ሩሀማ ካርዱን ገለበጠችው፣ ቀይ ነገር የለም። የሰውዬው ስም በላይነህ ግዛቸው ነው። ቀይ የተጻፈበት ካርድ እዚሁ አስካለ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሩሀማ መጥታ ካርዱን በመስኮቱ አቀበለቻት፣ ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ አስካልዬ ተሳስተሻል፣ ደግነቱ ጠየቅኩት፣ በይ ማንም አልሰማም እኔና አንቺ ጋ ይቅር፣ አለቻት። ለመልካም ነው ያለችው። በላይነህ ግዛቸው ትክክለኛ ካርዱን ተቀብሎ፣ ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት ታዞለት፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ ብሏት ሄደ፣ ይሄን ግን ከዓይኑ ነው የገመተችው።

ዝም ልበል፣ ትላለች ለራሷ፣ እየደጋገምኩ ብጠይቅ፣ መታወቂያ ብለምን፣ ማስኩም አንድ ቀን ይወልቃል፣ ያኔ እንደ ድሮው፣ ማን ያውቅብኛል። መታወቂያ ያልያዘ ሰው ቢመጣስ፣ አቅሉን የሳተ ቢመጣስ፣ ሩሀማ ደክሟት ሳትጠይቅ የቀረች ቀንስ። አስራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው፣ ከዚህ ተነስቼ የት። ግን ያ ሰውዬ ልጆች ይኖሩታል። እህቴ ብሎኝ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እግሯ ከሷ ቀድሞ የአስተዳዳሪው የአቶ ሙሉቀን ቢሮ በር ላይ ደርሷል፣ ይግቡ ማለቱን አልሰማችም፣ ገባች። አቶ ሙሉቀን የሆነ ነገር አለ፣ ማስኩ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ሲል ታያለች። አቶ ሙሉቀን፣ እኔ አልሰማም። ቃሉ ከአፏ ወጣ፣ አለቀ፣ ቢሮው አልፈረሰም። የትናንቱንም ነገረችው፣ ሩሀማ እኔና አንቺ ጋ ይቅር ያለችውን ብቻ ዘለለችው፣ ደግሞ እሷን ለምን። እሱ እጁን ወደ ማስኩ ሰደደ፣ አያውልቁ፣ አለችው፣ ወረቀት ሳበ፣ ጻፈ፣ ከመቼ ጀምሮ? እንጃ። ጻፈ፣ ሐኪም አይቶዎታል? አላየኝም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል፣ እሱም አይሰማትም፣ ደረቷ ውስጥ ግን የራሷ ልብ ይሰማታል፣ ደግሞ ጻፈ፣ ሰኞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያ ማንም ስሙን በቃል አይናገር፣ ይጻፍ። መስኮቱ ላይ ይለጥፉ፣ «ለኮሮና ጥንቃቄ ሲባል ስምዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ማርከሩን ይዛለች። ለኮሮና ጥንቃቄ ሲባል። ጥሩ አማርኛ ነው፣ የቢሮ አማርኛ፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም፣ ሙሉቀን ሊሸፍናት ፈልጎ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ፊቷ ተሸፍኖ የዋለበት ግን ይበቃታል። ትጽፋለች፣ በትልቁ፣ «ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። እባክዎ ስምዎን ጽፈው ይስጡኝ። አስካለ።» ስሟን ለምን እንደጨመረች አታውቅም። በፕላስተር ለጠፈችው፣ መስኮቱን ከፈተች።

የመጀመሪያው ሰው አንብቦ አንገቱን ነቀነቀ፣ ጻፈ። ሁለተኛዋም ጻፈች፣ ከስሟ ሥር አይዞሽ ብላ ጨመረችበት፣ አስካለ እንዳላየ ሆና ካርዱን አወጣች፣ ዓይኗን ግን ትንሽ አቃጠላት። ቀላል ነው እንዴ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ሦስተኛዋ አሮጊት ናቸው፣ ከከተማው ዳር ከቱላ የመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ ወረቀቱን ያዩና ያልፉታል፣ ማንበብ አይችሉም፣ የሆነ ነገር ይሏታል፣ እማማ አልሰማሁም፣ ይደግማሉ፣ እማማ ጆሮዬ፣ ትላለች እየጠቆመች፣ ከኋላቸው የቆመው ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን በሲዳምኛ ይነግራቸዋል መሰል፣ እሳቸው ወደ ወረቀቱ፣ ወደ አስካለ፣ እንደገና ወደ ወረቀቱ ያያሉ። ኧ፣ የሚሉ ይመስላል፣ ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ ደረታቸውን ይሞላሉ፣

ዳንጊሴ! ዳንጊሴ ላሚሶ!

አግዳሚው ላይ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ቀና ይላሉ፣ ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ይገባል፣ ሩሀማ ከመርፌ ክፍል አንገቷን ታወጣለች፣ አስካለ ሰማች። በነጠላው ውስጥ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ፣ በጆሮዋ፣ ሰማች። ሳቋ ማስኩን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ዳንጊሴ ላሚሶ፣ ብላ ጮክ ብላ ትመልስላቸዋለች፣ አሮጊቷ አዎን በሚል ጭንቅላታቸውን ይወዘውዛሉ፣ አዲስ ካርድ ትስባለች፣ ስማቸውን አሳምራ ትጽፋለች፣ ዕድሜዎስ እማማ፣ ትላለች፣ ስንት ዓመትዎ ነው፣ አሮጊቷም እንደገና ደረታቸውን ይሞላሉ።