ሲኒ የተደፋበት ጦር

ሻለቃው ጠላት ሆኖ መሥራት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የአህጉሩ ቃል ኪዳን አባል አገሮች የጋራ መከላከያ ስትራቴጂያቸውን ለመፈተሽ በየዓመቱ ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ወራሪውን ሆኖ መጫወት አለበት። ይህን ቦታ ደግሞ የሚመኝ የለም፤ ማዕረግ አያስጨምርም፣ ጭብጨባ የለውም፣ በዚያ ላይ መጨረሻው ሽንፈት ነው። ሻለቃው ሲሸነፍ ፊቱ የማይጠቁር፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ የሚጨብጥ ሰው ስለሆነ አገሩ መርቃ ሰጠችው። እያደር ስሙም ተረሳ። ኮሪደር ላይ የሚያገኙት ሁሉ «ጠላት፣ እንዴት አደርክ?» ይሉታል። «ይመስገነው፣ እናንተስ?» ይላል። ሚስቱ ሳትቀር ስልክ ስትደውል «ጠላቴ፣ ስትመጣ ዳቦ ያዝ» ማለት ለምዳለች።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። ሻለቃው አሸነፈ።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ዳኛ ሆነው የመጡት ጡረተኛ ጄኔራል፣ ጆሯቸው የደከመ ዓይናቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ፣ ጠዋት ጥግ ይዘውት «ስማ ልጄ፣ እስከ ዛሬ የምትሸነፈው በይሉኝታ ነው። ዘንድሮ የምርህን ተጫወት» አሉት። ሻለቃው ትእዛዝ ያከብራል።

ልምምዱ የሚካሄደው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎች ገጥመው የአህጉሩን ካርታ ከዳር እስከ ዳር ዘርግተውበታል፤ የአንዱ አገር ዋና ከተማ ሁለት ጠረጴዛ በሚጋጠምበት ስንጥቅ ላይ ስለወደቀች ልዑኩ ገና ሻይ ሳይቀርብ ቅሬታ አስመዝግቧል። ጨዋታው ራሱ ልጅም አያቅተውም። እያንዳንዱ አገር ተጠባባቂ ጦሩን በአንድ ቁራጭ እንጨት ይወክላል። ሌላው ሁሉ ከአዳራሽ ሲወጣለት እንጨቱን የፈለገበት ያስቀምጥና የሆቴሉን የሻይ ሲኒ ይደፋበታል። ከዚያ ባዶ ሲኒዎች እዚህም እዚያም ይደፋል። የትኛው ሲኒ ጦር እንዳለበት ጠላት አያውቅም። አጋሮቹም አያውቁም፤ መተማመን ቢኖርም ምስጢር ምስጢር ነው። ብቻ ሁሉም ተጠባባቂ ጦሩን በሰሜኑ ድንበር፣ ወራሪ ይመጣበታል በተባለው በኩል ሊያቆም በስትራቴጂው ላይ ፈርሟል።

ሻለቃው በሰሜን መጣ። የራሱን አገር በር መምታት ነውር መስሎ ስለታየው ከወንዝ ማዶ ያለችውን ጎረቤት መረጠ። እዚያ የተደፋው ሲኒ ከሁሉም ፊት ለፊት፣ አለሁ አለሁ የሚል ሲኒ ነበር። የተማረ ወራሪ ይሸሸዋል። ሻለቃው ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ አነሣው። ባዶ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም፤ ምሳ ሳይደርስ የቃል ኪዳኑን ጽሕፈት ቤት ያዘ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለው ልማዱ አፉ ላይ ነበር፤ ዋጠው።

ማንም አላጨበጨበም። ዳኛው «ሲኒ እንዳይነካ!» ብለው አዳራሹን አስቆለፉና ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ሄደ።

ሻለቃውን ምሳ አላስበሉትም። ወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለች ጠባብ ክፍል ጠሩት። ከግድግዳው ወዲያ ሳህን ይንኳኳል። የራሱ አገር ጄኔራል ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ከከንፈሩ የጥርስ መጎርጎሪያ ስለማይለይ «ስቴኪኒ» የሚባለው የደኅንነት ሰው አለ። ከወንዝ ማዶ የመጣውን ልዑክ የምትመራው ኮሎኔል መስኮቱን ተደግፋ ቆማለች። በሩ ጋ ደግሞ ከዚያው ከሷ ልዑክ አንድ ሻምበል ቀበቶውን ተፈትቶ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

ሻምበሉ የሻለቃው ሚስት ወንድም ነው።

«ሻለቃ፣» አለች ኮሎኔሏ፣ «በሰሜን ካሉት ሲኒዎች ሁሉ የሚፈራው የኛ ነው። እርስዎ ግን ቤትዎ እንደሚገቡ ሰተት ብለው ገቡ። ባዶ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ማንም።»

«ሲኒዎቹን በእጁ የደፋው ይሄ ነው።» ወደ ሻምበሉ ዞራ አላየችም፣ በአገጯ ብቻ ጠቆመች። «ጠዋት ተቃቅፋችሁ ስትሳሳሙ ሆቴሉ በሙሉ አይቷል። ቁርስም አብራችሁ ነው የበላችሁት።»

«አማቼ ነው፤ ምን ላድርግ? በምልክት ሰላም ልበለው?»

«በምልክት ብትነጋገሩማ ይኸው መልእክት ሆነ» አለ ስቴኪኒ። ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆንለታል፤ ተኝተህ ቢያገኝህ ማን አደከመህ ይላል።

«መኪና ይዘጋጅ ብያለሁ» አለች ኮሎኔሏ። «ዛሬውኑ ድልድዩን ይሻገራል። የቀረውን የጦር ፍርድ ቤቱ ይጨርሰዋል።»

ሻምበሉ ሱሪውን አጥብቆ ያዘ። በነሱ አገር በምስጢር ማውጣት ተጠርጥሮ ድልድዩን የተሻገረ መኮንን ነጻ መባል የለም፤ ቢቀናው ወህኒ ነው። ሻለቃው ይህን ያውቃል። ሚስቱም ታውቃለች። ጠዋት ደውላ «ወንድሜን አየኸው? ከስቷል? ደህና ብላ ብላሃለች በለው» ብላዋለች።

ጄኔራሉ ተነሥተው ሻለቃውን በክርኑ ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዝም በል።»

«ጌታዬ፣ ልጁ ምንም አላለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሷ ሰው ትፈልጋለች፤ ሰው አገኘች። ይዛው ትሄዳለች፣ ጨዋታው ተሰረዘ ይባላል፣ ሲኒውም ይነሣል። አንተ ከተከራከርክ ግን ያ ዳኛ የሁሉንም ሲኒ ያስከፍታል።» ወደ አዳራሹ በር ተመለከቱ። «የሚከፈተው የነሱ ብቻ አይደለም። ገባህ?»

«የኛም ሰሜን አይደለም ማለት ነው?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ጄኔራሉ ጥርሳቸውን ነከሱ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ነገረህ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉ።»

ሻለቃው በልቡ አሰላ። ዝም ቢል ማዕረጉ አለ፣ ጡረታው አለ፣ ማታ የሚገባበት ቤት ግን የለም። «ወንድምሽን ለጥቂት ሲኒ ብዬ ሰጠሁት» ተብሎ በየትኛው አፍ ይነገራል? ቢናገር ደግሞ የአገሩን ምስጢር በአጋሮች ፊት ማውጣቱ ነው። ጠዋት ያልሠራውን ወንጀል ከሰዓት በኋላ ሊሠራ ነው።

ዳኛው ከምሳ ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው።

«ጌታዬ፣ ጦሩ ሁሉ የት እንዳለ እኔ ላሳይ። ሻምበሉ የሚያውቀው የአገሩን ብቻ ነው። የሌላውንም ካወቅሁ እሱ አልነገረኝም ማለት ነው።»

«ምን አልክ?» አሉ ዳኛው ጆሯቸውን ቀስረው።

ሻለቃው ጮክ ብሎ ደገመው። አሁን ሁሉም ሰማ። ጄኔራሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልዑካኑ የጠረጴዛውን ዙሪያ ከበቡ፤ አንዳንዱ ፍራፍሬ እያላመጠ ነበር። ሻለቃው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። መናገር አልለመደም፤ የጠላት ሥራ ንግግር የለውም።

«እናቴና እህቷ ጎን ለጎን ነበር የሚኖሩት» ብሎ ጀመረ።

«ምን አገናኘው?» አለ ስቴኪኒ።

«ዝም በል፣ ይቀጥል» አሉ ዳኛው።

«በጣም ይዋደዱ ነበር። አንዷ ስታስነጥስ አንዷ ይማርሽ ትላለች። ሰፈሩ ሌባ በዛበትና ሁለቱም ውሻ ገዙ። እናቴ ውሻውን የውጭው በር ላይ አላሰረችውም። ከእህቷ ጋር በሚያዋስነን አጥር በኩል አሰረችው። አክስቴም እንደዚሁ። ሁለቱ ውሾች በአጥሩ ቀዳዳ ሲተያዩ ያድራሉ። ሌባው በበር ገባ።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ተወው።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ የገባ ሰው ካርታው ላይ ሰሜኑን ሲያይ አላየሁም። ኮሎኔሏ ሻይ ስትጠጣም ወንዙን ነው የምታየው። የኛ ጄኔራል ወንበራቸውን ሁለት ጊዜ ወደ ወንዙ አስጠጉ። እኔ ሲኒ አላየሁም። ዓይን ነው ያየሁት።»

ከወንዙ ማዶ፣ ዳርቻው ላይ የተደፋውን ሲኒ አነሣ። ቁራጭ እንጨቱ እዚያ ነበር፤ ፊቱ ወደ ሻለቃው አገር።

«ይሄንንም እሱ ነው የነገረዎት» አለች ኮሎኔሏ፤ ጉንጯ ግን ቀላ።

ሻለቃው እጁን ወደዚህኛው ዳርቻ ሰደደ። ጄኔራሉን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ራሳቸውን ቀስ አድርገው ወዘወዙ፤ ልመናም ነው፣ ዛቻም ነው። ሲኒው ቀላል ነበር። ከሥሩ የአገሩ ጦር ወንዙን አሻግሮ የአጋሩን ጦር አፍጥጦ ያያል።



«የራሱን ሠራዊት ቢያውቅ ምን ይደንቃል?» አለች ኮሎኔሏ።

«ነግረኸዋል?» አሉ ዳኛው ወደ ጄኔራሉ ዞረው።

ጄኔራሉ ተያዙ። ነግሬዋለሁ ቢሉ ጨዋታውን ማጭበርበራቸው ነው፤ አልነገርኩትም ቢሉ ሻምበሉን ነጻ ማውጣታቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልነገርኩትም» አሉ፣ ከአፋቸው ጥርስ የተነቀለ ያህል።

ሻለቃው የአንዱን ተራራማ አገር ሲኒዎች እያየ በጠረጴዛው ዙሪያ መራመድ ጀመረ። ጠርዝ ላይ፣ ከምሥራቃዊው አጋር ጋር በሚያዋስነው ድንበር ከተደፋችው ሲኒ አጠገብ ሲደርስ የአገሩ ልዑክ ብርቱካኑን ጥሎ ሲኒዋን በመዳፉ ደፈነ። «አይነካም!» አለ።

ምሥራቃዊው አጋር ይህን አይቶ «እኛን ነው እንዴ?» አለና እሱም የራሱን ሲኒ ሸፈነ፤ የሸፈነው ወደ ተራራው ያለውን ነበር። ከዚያ በጠረጴዛው ዙሪያ እጅ ሁሉ ወረደ። አህጉሩ በሙሉ መዳፍ በመዳፍ ሆነ። ሰሜኑን የሸፈነ እጅ ግን አልነበረም። ሻለቃው አንድም ሲኒ ተጨማሪ ማንሣት አላስፈለገውም።

«በቃ» አሉ ዳኛው። «እጃችሁ መሰከረ። የሻምበሉ ቀበቶ ይመለስለት።»

ኮሎኔሏ ወደ ጄኔራሉ ዞረች። «ወደ እኛ?»

«ለዕረፍት ነው የወረዱት» አሉ ጄኔራሉ። «አየሩ ይስማማቸዋል።»

«የኛም ለዕረፍት ነው» አለች። «ወንዙ ደስ ይላል።»

የጋራ መግለጫው ወዲያው ተጻፈ። ልምምዱ በታቀደው መሠረት መጠናቀቁን፣ ተጠባባቂ ኃይሎች ለወንዙ ልዩ ትኩረት መስጠታቸውን፣ ከእንግዲህም ወራሪው የሚመጣበትን አቅጣጫ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ መወሰኑን ይገልጻል። ከዓመታት ወዲህ ያለ ክርክር የጸደቀ የመጀመሪያው መግለጫ ነው ተባለ።

ሻለቃውን ስቴኪኒ በር ላይ ጠበቀው። መታወቂያውን ተቀበለው። «እስኪጣራ ነው» አለ። «የነሱን ከዓይን አወቅሁ አልክ፣ ይሁን። የኛን ግን ማን ነገረህ?»

«አሁን አዳራሽ ውስጥ አልነበርክም?»

«ነበርኩ። ጥሩ ተረት ነው። እናትህ በእውነት እህት አላት?»

ሻለቃው ትቶት ወጣ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሻምበሉን ቀበቶውን ሲያጠብቅ አገኘው። የኮሎኔሏ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ ነው፤ አሁን ሻምበሉ የሚሄደው እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ መኮንን ነው። ሻለቃው አቅፎ ሊስመው ሲጠጋ ሻምበሉ መስኮቶቹን ቀና ብሎ አየና እጁን ብቻ ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ ነፍሴን ነው ያተረፍካት። ውለታህን አልረሳም።»

«ምን ውለታ አለ በቤተሰብ?»

«አይ፣ አልረሳም። ግን... ቁርስ ላይ ምን ነበር ያልኩህ?»

«እንቁላሉ አልበሰለም አልክ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አላልክም። ሁለተኛ አዘዝክ።»

«ወንዝ የሚል ቃል አላነሣሁም?»

«ኧረ አላነሣህም! ምን ሆነሃል አንተ?»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። ያመነ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን አላመነም። «በስልክ ከእህቴ ጋር ስናወራ አጠገቧ ትሆናለህ?»

«አንዳንዴ።»

«እ።» የቀበቶውን ዘለበት ነካካ። «ጋሼ፣ አትቀየመኝና፣ እሷን መጀመሪያ ያገኘሃት እንዴት ነበር?»

«አንተ ነህ እኮ ያስተዋወቅከን! ቤታችሁ ይዘኸኝ ሄደህ።»

«እኔንና አንተንስ?»

«የመኮንኖቹ የጋራ ኮርስ ላይ ነዋ። አንድ ክፍል አልነበር ያደርነው?»

«አንድ ክፍል የመደበን ማን ነው?»

ሻለቃው አሰበ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ቃል ኪዳኑ ይሆናል።»

«እኮ» አለ ሻምበሉ።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሻምበሉ ከኋላ ገባ፣ መስተዋቱንም እስከ ላይ ዘጋ። ሻለቃው መኪናው ወደ ድልድዩ እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አንሥቶ ቆየ። አማቹ ዞሮ እያየው ነበር። እጁን ግን አላነሣም።