ሰማዩን ማን ይዝጋው

ምሥራቅ ማረፏን በዚያ የጥር ቅዳሜ ማለዳ ከዘመድ ወገን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ፋና ናት። እናቷ ለሕክምና ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ፋና ቡሬ፣ የእናቷ ታናሽ እህት ወለተሥላሴ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ሌሊት ስልኩ ሲጮህ ልጅቱ አልነቃችም። ወለተሥላሴ ጓሮ ወጥታ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገባችና ቁርስ ሠራች። በእኛ አገር ሐዘን የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ዋናው ባለሐዘን መጨረሻ ይሰማል።

የሟቿ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ሀብተሚካኤል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ቅኔ የሚያስተምሩት፣ ነገሩን ሁሉ በስልክ መልክ አስያዙት። አስከሬኑ ማታ ፍኖተ ሰላም፣ ከሟቿ ቤት ይገባል፤ ቀብሩ እሑድ ነው። ልጅቱ እሑድ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ተዘጋጅተው፣ መርዶዋን በወጉ ትሰማለች። እስከዚያ ግን ቅዳሜን የት ትዋል? ቡሬ ወሬ የሚቀመጥባት ከተማ አይደለችም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ቀልጠፍ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» ካላት ሁሉም ነገር አለቀ።

ያን ጊዜ ነው የክንፈሚካኤል ስም የተነሣው። ክንፈሚካኤል የምሥራቅ የአክስት ልጅ ነው፤ ስም ያወጡለት ቄስ ያወቁት ነገር ይኑር አይኑር እንጃ፣ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ቀረ። የእርሻና የመስኖ መሬት ከሰማይ ፎቶ የሚያነሣ ድርጅት ቀጥሮት፣ ከቡሬ በታች በአንድ እርሻ ዳር ከተጠረገ ሜዳ ላይ በትንሽ አውሮፕላን እየተነሣ ሰነባብቷል። ለፋናም «አንደኛ ከወጣሽ ሰማይ አወጣሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

«ልጄ፣ ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ?» አሉት መሪጌታ በስልክ። «መርዶም እንደዚያው ነው። ክፉ አረዳድ ዕድሜ ልክ ኸሰው ጋር ይኖራል። ቀኑን ያዝልን። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚያወጣው መንገድ እንዳታሳልፋት፤ ጅጋም ገበያ ነው፣ አገሩ ሰምቷል። ስልክህንም ዝጋው።»

«እሺ የኔታ» አለ ክንፈሚካኤል።

እሺ ማለቱ ወዲያው አናደደው። የእሱ አባት የሞተ ጊዜ በረራ እየተማረ ነበርና «ፈተናውን ይጨርስ» ተብሎ ተደበቀ። የሰማው ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ነው። አገር አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ብቻውን ደረቱን መታ፤ ጎረቤቱም «ምነው ዛሬ?» በሚል ዓይን አየው። ያን ቂም እስከ ዛሬ አልተወውም። ዳሩ ግን ዛሬ «እኔ እነግራታለሁ» የሚል ወኔም አላገኘም፤ ድንኳን ውስጥ ከመቀመጥ መብረር ቀለለው።

ፋና ሜዳው ላይ የደረሰችው በነጭ ቀሚስ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ጣል አድርጋ ነው። ለሰማይ ይገባል ብላ የክት ልብሷን መርጣለች። ክንፈሚካኤል ቀበቶዋን አሠረላት፤ የጆሮ ማዳመጫውንም አጠለቀላት። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኗን ጨፈነች፣ መሬቱ ሲርቅ ከፈተች።

«ጋሼ ክንፈ፣ እኔ እኮ አንደኛ አልወጣሁም» አለች። «አራተኛ ነኝ። እትዬ አልነገሩዎትም?»

«እኔ ስንተኛ እወጣ እንደነበር ብነግርሽ አሁኑኑ ያውርዱኝ ትያለሽ» አላት።

ሳቀች። እሱ ግን የከፍታ መለኪያውን ማየት ያዘ።

ሰማዩ አመድ ለብሷል። የጥር ሰማይ እንዲህ አይከብድም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አልወጣችም። ክንፈሚካኤል የሚቸኩልበት ነገር የለውምና በዝግታ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ደቡብ በረረ። የታጨደው ማሳ ገርጥቷል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ጥር የሰርግ ወር ነውና በየመንደሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ፋና አንዱን ባየች ቁጥር «ይኸው ሌላ ሰርግ» ትላለች። ከላይ ሲያዩት ሰርገኛው ጉንዳን ይመስል ይተራመሳል።

«እማዬ ሲሻላት እሷንም ያወጧታል?» ብላ ጠየቀችው።

«እግዜር ያውቃል» አለ፤ አለና አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ለምሳ ወረዱ። በክንፉ ሥር ወለተሥላሴ የላከችውን አገልግል ከፈቱ፤ ዶሮ ወጥ ነው፣ ያውም ከነፈረሰኛው። ፋና ፈረሰኛውን አየችና እጇን ሰበሰበች።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?»

«ምንም። ብይ።»

«ፈረሰኛ እኮ ለእኔ ሰጥተውኝ አያውቁም» አለች። ቆይታ ቆይታ በላችው፣ ግን እንደ ጠዋቱ አታወራም። ለጋ ልጅ ሲባል ሰው ሞኝ ይመስለዋል፤ ልጅ ግን ደግነት ሲበዛበት ቶሎ ይጠረጥራል።

ከሰዓት በኋላ ቆጋን ሊያሳያት ወደ ሰሜን ወሰዳት። ግድቡ ከሰማዩ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው የስንዴና የሽንኩርት መደብ ግን አረንጓዴ ነው። ፋና ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቦዩን በዓይኗ ተከተለች። ሲመለሱ የአዊ ተራሮች ደመና ውስጥ ገብተው ጠበቋቸው። ክንፈሚካኤል በዚያ በኩል ማለፍ አልደፈረም። ወደ ምሥራቅ ዞሮ የብር ወንዝን ተከትሎ ወረደ። ሐሳቡ ሁሉ ደመናው ላይ ነበር። መሪጌታ የምድሩን መንገድ አንድ ሳይቀር ዘግተዋል፤ ሰማዩን ግን ማንም አላሰበውም። ከላይ ሁሉም ነገር እንደሚታይ እንጀራው ያደረገው ክንፈሚካኤል እንኳ አላሰበውም። ሲያስበው ፍኖተ ሰላም ከፊቱ ነበረች።

«ቤታችን!» አለች ፋና። «ያ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ያ ማንጎው ነው።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እኛ ግቢ ሰርግ አለ?»

ክንፈሚካኤል አንገቱን አሰግጎ ወደ ታች አየ።

«አጥራችንን አንስተውታል» አለች። ወደ ታች አጎንብሳ አየች። «ድንኳኑ የእድራችን ነው። ጣራው ላይ ያለውን ሰማያዊ መጣፊያ አምና እማዬ ናት የሰፋችው።»

የጎረቤት ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ሰርገኛ ግን ይተራመሳል፤ እታች ያለው ሰው ነጭ ለብሶ ተቀምጧል፣ አይንቀሳቀስም። እሷም ያንኑ እያየች ነው።

«ጋሼ፣ ለዚህ ነው ያወጡኝ?»

ያረጀ ቂሙ ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። የአባቱ ተዝካር፣ የጎረቤቱ ዓይን፣ ያ ብቸኛ ለቅሶ። ይህችን ልጅ እስከ ነገ ማሞኘት አልሆነለትም።

«እማዬ ናት?»

«አዎ የኔ ልጅ» አላት። «እማዬ ናት። ሌሊት አረፈች።»

ልጅቱ አልጮኸችም። ባለችበት ወደ ፊት ተደፋች። ሽማግሌ የለም፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሴት የለም፤ የያዛት ቀበቶው ብቻ ነው። ክንፈሚካኤል በግራው መሪውን ይዞ ቀኝ እጁን ሰጣት። በሁለት እጇ ጨመቀችው። የመሪጌታ ሥጋት ትክክል እንደነበር ያን ጊዜ ገባው፤ ይህች ልጅ ዕቅፍ የሚያስፈልጋት ሰዓት ላይ አንድ እጅ ብቻ ነው የደረሳት። ከራሱ ቂም ሌላ ምንም ያላየ መስሎት አፈረ።

«አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች።

በግቢው ላይ ዞሮ ደገመላት። ከታች ሰዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አንጋጠጡ። ጥምጣም ያሰሩ አንድ ሰው ከድንኳኑ ወጥተው መሐል ግቢው ላይ ቆሙ፤ መሪጌታ ሳይሆኑ አይቀሩም። አውሮፕላኗ እስክትርቅ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

የቡሬን መንገድ እንደያዙ ፋና እጁን ለቀቀችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገለበጠችው። ቀበቶው እየያዛት፣ እየታገለች፣ ጥለቱን ከላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«እማዬ ናት ያሳየችኝ፤ የጎረቤታችን የጋሽ ትዕዛዙ ለቅሶ ጊዜ» አለች። «በደንብ ነው የለበስኩት?»

አያት። በአንድ በኩል ተንሸራትቷል፤ በቀኝ እጁ አስተካከለላት። «በደንብ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እንባው መሬቱን ከለለበትና ደጋግሞ መጥረግ ነበረበት።

ሜዳው ዳር ወለተሥላሴ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ትጠብቃለች። ሴቶቹ ልጅቱን እስከ ንጋት ሊያጫውቱ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ሊይዟት የተመረጡ ናቸው። ወለተሥላሴ ጠዋት ያዘጋጀችውን ፈገግታ እንደያዘች ወደ አውሮፕላኗ ቀረበች።

«እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም፣ ሰማዩ እንዴት...»

ነጠላውን አየችው። ፈገግታዋ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ፊቷ ላይ ቀረ።

ፋና ደረጃዋን ብቻዋን ወረደች። አክስቷ ፊት ቆመች፤ ትልልቆቹ ሴቶች እንደሚያደርጉት አንገቷን ሰበረች።

«እትዬ» አለቻት፣ «እግዜር ያጥናዎት።»

ወለተሥላሴ ሌሊት ጓሮ ያፈነችው ለቅሶ ያን ጊዜ ፈንድቶ ወጣ። ፋናን ሊይዙ የመጡት ሁለቱ ሴቶች ሮጠው ግራና ቀኝ እሷን ያዙ።